ለውባለም ያልሰጠሁት ብር

ይኸን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ ለአንጓች አልነገርኋት። ለነፍስ አባቴም አልነገርኋቸው። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ከብቴን ሰው ማሳ አስገብቻለሁ፣ ተቆጥቼ ጎረቤት ተሳድቤያለሁ እያልሁ ትንንሹን ስዘረዝር ትልቁን ከምላሴ ሥር ይዤው እነሣ ነበር። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል። ከየቱ ነው የሚፈታኝ? ካልነገርሁት?

እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሁኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢው ይታገሠኝ። የማሳምረው ነገር ግን የለኝም።

እኔ የአንዲት ልጅ ስም አጥፍቻለሁ። ሳትሰርቅ ሌባ አሰኝቻታለሁ። ተሳስቼ አይደለም፣ አስቤ ነው። እሷን ጠልቼም አይደለም። አባቷን ጠልቼ ነው። አባቷን ዛሬም እጠላዋለሁ፤ ይኸንንም አልደብቅም።

አባቷ ገዳሙ ይባላል። የአንጓች ወንድም፣ የኔ አማች ነው። ከተማችን ወረታ እየሰፋች ስትመጣ የአባቴ መሬት አስፓልት ዳር ገባ። ገዳሙ ከብት ነግዶ ያጠራቀመው ብር ነበረው፤ እኔ መሬት ነበረኝ። "ካሴ፣ መሬት ካንተ፣ ብር ከኔ። ቤት ሠርተን እናከራይ፤ እኩል እንካፈላለን" አለኝ። እሺ አልሁ። የእህቱ ባል አይደለሁ? ከፊት ሱቆች፣ ከኋላ የመኖሪያ ክፍሎች፣ ከጓሮ ደግሞ ሁለት የሩዝ መጋዘን ሠራን። የንግድ ፈቃድ ወጣበት፣ ድርጅት ተባለ። ውሉን እሱ አነበበልኝ። ስሜን መጻፍ እችል ነበር። "ጊዜ አናጥፋ፣ አሻራህን አኑር" ሲለኝ ጣቴን ቀለም ነክሬ አኖርሁ።

አንጓች ታማ ቤቱን አስይዤ ብድር ልጠይቅ ስሄድ ነው የገባኝ። ወረቀቱን ያየችው ጸሐፊ "አባት፣ የእርስዎ እኮ የኋላ ክፍሎቹ ናቸው። የፊቶቹ ሱቆችና መጋዘኖቹ በሌላ ሰው ስም ናቸው" አለችኝ። ሁለቴ አስነበብኋት። ከዚያ ገዳሙ ዘንድ ሄድሁ። ሳቀብኝ።

"አንብበህ ነበር መፈረም" አለኝ።

ሽማግሌ ልሰበስብበት ነበር። አንጓች ከአልጋዋ ሁና አለቀሰች። "ወንድሜና ባሌ ባደባባይ አይካሰሱብኝ" አለች። ተውሁት። ተውሁት ስል አፌን ነው እንጂ ልቤን አይደለም። አባቴ ያረሰው መሬት ላይ የሰው ተከራይ ሁኜ እንደምኖር ነበር የሚሰማኝ።

የገዳሙ ልጅ ውባለም ባሕር ዳር ሒሳብ አያያዝ ተምራ ተመረቀች። ድግስ ሆነ። ቤቱ ሞልቶ፣ ሰው ጠጥቶ፣ ገዳሙ ብርሌውን ይዞ ተነሣ። "እንግዲህ ሥራችን ባለቤት አገኘ። ከዛሬ ወዲያ ልጄ ብር ትቆጥራለች፣ ካሴ ከብቱን ይቆጥራል" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎኔ የተቀመጠችው አንጓች እንኳ ፈገግ አለች። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ደም ደም አለኝ። ያን ቀን በሆዴ "ይችን የምትኮራባትን ልጅ አያለሁ" አልሁ። ይኸ ነው መነሻው። ክፉ ነገር ከሩቅ አገር አልመጣብኝም፤ ከዚያ ወንበር ላይ ነው የተነሣው።

ውባለም ሥራውን ያዘች። ከሷ በፊት የድርጅቱ ሒሳብ የገዳሙ ኪስ ነበር። ወር ሲያልቅ ያወጣል፣ "ይኸ ያንተ ነው" ይለኛል፣ እቀበላለሁ። ልጅቱ ገቢውን ለብቻ፣ ወጪውን ለብቻ አደረገች። አባቷንና እኔን አስቀምጣ በጀት የሚሉትን አስረዳችን። "ይኸ ለግብር ይቀመጣል፣ ይኸ ለጣሪያ፣ ይኸ ክረምት ሳይገባ ቦይ ለማስጠረግ። መካፈል ከዚህ በኋላ ነው" አለች። ገዳሙ አጉረመረመ። የኛ አገር መሬት ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። የኋላ ክፍሎች፣ የኔዎቹ፣ ሐምሌ ሲገባ ውሃ ይተኛባቸው ነበር። ለነሱ ጥገና ተብሎ ተቀምጦ የማያውቀውን ብር እንዲቀመጥ ያደረገች እሷ ናት። አባቷን ተከራክራ ወለላቸውን በድንጋይ አስነሣችልኝ።

ታዲያ እኔ ይኸን አላየሁም? አይቻለሁ። አይቼ ነው ያደረግሁት።

አንድ ሥርዓት ደግሞ አመጣች። ያለ ደረሰኝ ብር አይከፈልም፣ ብር የተቀበለ ይፈርማል አለች። ኪራይ የምሰበስበው እኔ ነበርሁ። ተከራዮቹ ያከብሩኛል፤ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ይነሣሉ። ደረሰኙን አምጥታ ብትሰጠኝ ፊቴን አጠቆርሁባት።

"እኔን ነው በፊርማ የምትይዥኝ?" አልኋት።

"ኧረ አያ ካሴ፣ ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ለተከራዮቹ ነው።"

"ተከራይ ከኔ ወረቀት ሲጠይቅ አይታየኝም። በስተርጅና ሌባ ተባልሁ በይኛ።"

ደነገጠች። በኛ አገር ልጅ ለትልቅ ሰው "ፈርም" አትለውም፤ ማለቱ ነውር ነው። ጭንቅ ብሏት "እንግዲያው እርስዎ ብቻ ይቅሩ። አምጥተው ይስጡኝ፣ ደረሰኙን እኔ ቆርጬ ለተከራዩ እልካለሁ። የእርስዎ ቃል ይበቃኛል" አለች። እንዲህ ሆነ። ሰው ሁሉ ይፈርማል፣ እኔ አልፈርምም። ተከራዮቹ ለኔ ሲሰጡ አይጠይቁኝም። እኔ ለሷ ስሰጥ አትጠይቀኝም። ይችን ቀዳዳ በአክብሮት የከፈተችልኝ እሷ ናት። በዚያች ቀዳዳ ገብቼ ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

ሁለቱን መጋዘን የያዘው ሞላ የሚባል የሩዝ ነጋዴ ነበር። የሞላ ኪራይ እንደሌላው በየወሩ አይደለም። የዓመቱን ባንድ ላይ፣ ሩዙ ተፈትጎ ሲሸጥ ይከፍላል። የድርጅቱ ትልቁ ገቢ እሱ ነው። ውባለም በበጀቷ የዓመቱን ግብር፣ የፊቶቹን ሱቆች የቆርቆሮ ቅያሪ፣ ሁሉን በሱ ላይ አቁማዋለች። ይኸን ራሷ አስረድታኛለች። "አያ ካሴ፣ የሞላ ብር ከቀረ ሁሉ ነገር ይወድቃል" ብላኛለች። ምሰሶው የቱ እንደሆነ አሳየችኝ እንግዲህ።

የዚያን ዓመት ሞላ ብሩን በጥቁር ፌስታል አድርጎ በእጄ ሰጠኝ። "ደረሰኙን ልጅቱ ትልክልኛለች" አለኝ። "ትልክልሃለች" አልሁት። ከመጋዘኑ እስከ ውባለም ቢሮ ቅርብ ነው። እግሬ ወደዚያ ጀምሮ ነበር። ከሱቁ በር ላይ ገዳሙ ቁሞ ከሰው ጋር ሲሳሳቅ አየሁት። እግሬን መለስሁና ቤቴ ገባሁ። ፌስታሉን ከጎተራው ሥር፣ ከሩዙ በታች ቀበርሁት።

ሳምንት ሲያልፍ ውባለም ጠየቀችኝ። "አያ ካሴ፣ ሞላ አልሰጠዎትም?" "ገና ነው፣ ሩዙ አልተሸጠለትም" አልኋት። አመነችኝ። አልተከፈለም ብላ ጻፈች። ከዚያ ደግማ ብትጠይቀኝ ደግሜ ዋሸኋት። ሞላን ሄዳ ለምን አልጠየቀችውም? እኔ አለሁ ብላ። እኔን አልፋ ብትጠይቀው እንደምቀየም ስለምታውቅ።

የግብር ቀን ደረሰ። ገዳሙ ተቆጥቶ ራሱ ሞላ ዘንድ ሄደ። ሞላ ደግሞ ሰው ፊት ተዋረድሁ ብሎ ጮኸ። ነገሩ ከሽማግሌ ደረሰ። ገዳሙ ግቢ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሞላ፣ ገዳሙ፣ እኔ። ውባለም ደብተሯን አቅፋ ቁማለች። እናቷ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ነበረች።

"ከፍለሃል?" አሉት ሞላን።

"ከፍያለሁ። ለአያ ካሴ፣ በእጃቸው።"

"ደረሰኝስ?"

"ከአያ ካሴ ደረሰኝ ልጠይቅ? ምን ነካችሁ?"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ነው እንደማለት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ካሴ፣ ተቀብለሃል?"

"ተቀብያለሁ።"

"የት አደረስኸው ታዲያ?"

"ለልጅቱ ሰጠኋት። በእጇ።"

ይኸን አልሁ። እኔ፣ በዚህ አፌ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ውባለም አየችኝ። "አያ ካሴ፣ ለእኔ?" አለች።

"ለማን ልስጥ ታዲያ? ብር የምትይዥው አንቺ አይደለሽ?"

"ገና ነው ብለውኝ ነበር እኮ።"

"መቼ ነው ያልሁሽ? ማን ሰማ?"

ሽማግሌ ፊት ቁማ "ይዋሻሉ" ልትለኝ አልቻለችም። እንዲያ ተብላ አላደገችም። "ምናልባት ተሳስተው ይሆናል" አለች። እሱ ነው የጨረሳት። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ "ልጄ፣ ይኸ ሁሉ ብር ለማን እንደተሰጠ ሰው ይሳሳታል?" አሏት። ደብተሯም አልረዳትም። አልተከፈለም ይላል፤ የሰረቀ ሰው ደግሞ እንዲያ ነው የሚጽፈው ተባለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ሁለቱም በሚካኤል ይማሉ" አለ። ገዳሙ እጁን አነሣ። "አያስፈልግም። ቤቴን ከዚህ በላይ አታዋርዱብኝ" አለ። ልጁ በዚያ ሰሞን ከሸዋ የመጣ መምህር ልታገባ ነበርና እሱ ያን ሰው አልወደደውም። ብሩን ለሱ ሰጠችው ብሎ በልቡ ጨርሷል። ማል ቢሉኝ እምል ነበር? በሚካኤል ስለት የተወለድሁ ሰው፣ በሚካኤል በሐሰት እምል ነበር? አላውቅም። እምል ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ገዳሙ ለልጁ "ከደጄ ውጪ" አላት። መምህሩም ወሬውን ሲሰማ ቀረ። ልጅቱ አንዲት ሻንጣ ይዛ ከመናኸሪያው ባሕር ዳር ሄደች። ሥራውም ተበተነ። ግብሩ በቅጣት ተከፈለ፣ ቆርቆሮው ሳይቀየር ክረምት ገባ፣ ሱቆቹ አፈሰሱ፣ የፊት ተከራዮች እቃቸው ሲበሰብስ አንድ በአንድ ለቀቁ። ገዳሙ ሰንጋዎቹን ሸጠ።

ደስ አለኝ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አዝኜ ነበር ብልህ ደስ ይልህ ነበር። አላዘንሁም። ባዶ ሱቆቹን እያየ በረንዳ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ሆን ብዬ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። "እንደምን ዋልህ ገዳሙ?" እለዋለሁ። "አለሁ" ይለኛል። ያች "አለሁ" ከማር ትጣፍጠኝ ነበር። ቁጠር እንግዲህ፣ እለዋለሁ በሆዴ። ብር የምትቆጥር ልጅህ የት አለች?

ብሩን አልበላሁትም። ከጎተራው ሥር ተኛ። ብሩን ፈልጌው አልነበረማ። ከዚያ የብር ኖት ተቀየረ ተባለ፤ አሮጌው ያላችሁ አምጡና ለውጡ ተባለ። ባንኩ ደጅ አገሩ ሁሉ ተሰልፏል፣ ገዳሙም አለበት። ያን ፌስታል ይዤ ከየት አመጣኸው ብባል ምን እላለሁ? ቀኑ አለፈ። አንጓች ወንዛዬ ፍል ውሃ ለወገቧ በሄደችበት ሰሞን አወጣሁትና ከእሳቱ ጨመርሁት። ልጅቱ ሌባ የተባለችበት ብር ለማንም ሳይጠቅም ነደደ። እሳቱን እንኳ በእንጨት እየቆሰቆስሁ ነው ያየሁት።

ከሁለት ወር በፊት የውባለም እናት ሞተች። ለተዝካሩ ውባለም መጣች። ዛሬ ባሕር ዳር የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገንዘብ በእምነት የያዘች ሴት ናት አሉ። የኛ ደንብ እንደሚታወቀው ነው፤ ለተዝካር ሰው እህሉንም ብሩንም ይዞ ይመጣል፣ ከበር ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ማን ምን እንዳመጣ ይጽፋል። አንዱ ዘመድ "ውባለም ትጻፍ፣ ሙያዋ ነው" ቢል ገዳሙ ሰው እየሰማ "የሷ እጅ ገንዘብ አይንካ" አለ። የዘመድ ልጅ ተቀመጠ፤ ስም እየሳተ፣ እየሰረዘ ይጽፋል። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የእናቷ ተዝካር ላይ፣ ማስታጠቢያ ይዛ እንግዳ ታስታጥባለች።

እኔም ጋ ደረሰች።

"አያ ካሴ፣ ደኅና ሰነበቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?"

"አለሁ።"

ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ያን ጊዜ እርስዎም ይፈርሙ ብዬ ብጸና ኖሮ፣ ተቀይመውኝ ይቀሩ ነበር እንጂ እዚህ አንደርስም ነበር" አለችኝ።

እጄን ዘርግቼ ቀረሁ።

"እናቴ ሳታምነኝ ሄደች። አባቴም አርጅቷል። ይንገሩልኝ አያ ካሴ።"

አልሰደበችኝም። አላስፈራራችኝም። ለመነችኝ። ሌባ ያሰኘኋት ልጅ፣ እጄን እያስታጠበች ለመነችኝ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እንግዳ ሄደች። ያን ቀንም ግን አልተናገርሁም።

ለምን? ብዙ ጊዜ ፈርቼ ነው ስል ኖርሁ። ውሸት ነው። ከዚህ ዕድሜ ወዲያ ምን ያስፈራኛል? እስራት ነው? ሐሜት ነው? ያልተናገርሁት እውነቱን ከነገርሁት ገዳሙ ልጁን ስለሚያገኝ ነው። በስተርጅናው ልጁ ትመለስለታለች፣ አቅፎ ያለቅሳል፣ ደስ ይለዋል። ያን ደስታ በገዛ እጄ ልሰጠው? መሬቴን ለበላ ሰው? ይኸ ነው አፌን የያዘኝ። እሱን ደስ እንዳይለው ብዬ እሷን በየዓመቱ ደግሜ ደግሜ ስሰርቃት ኖርሁ። አንድ ጊዜ ዋሽቼ አላበቃሁም። ዝም ባልሁበት ቀን ሁሉ ዋሽቻለሁ።

ሌላም አለ፤ ይኸንም ልናገር። ከተዝካሩ ወዲህ ስነግረው እንዴት እንደሚሆን አሰብሁት። ንጹሕ ልጁን ከደጁ እንዳባረረ፣ ሚስቱ ስለዚህ ነገር አልቅሳ እንደሞተች ሲያውቅ ፊቱ ምን እንደሚመስል አሰብሁት። አሁንም ደስ አለኝ። እንግዲህ ንስሐዬ ራሱ በቀል ያለበት ነው። ይኸን ለይቼ ላወጣው ሞከርሁ፣ አልወጣልኝም። ንጹሕ ልብ እስካገኝ ብጠብቅ ግን ልጅቱም እንደ እናቷ ልትሞት ነው። በቆሸሸው ልቤ እናገራለሁ።

ለፊታችን እሑድ ሽማግሌዎቹን ጠርቻለሁ። ካንዱ በቀር በሕይወት አሉ። ሞላም ይመጣል፤ ለውባለምም ባሕር ዳር ድረስ ልኬባታለሁ። ቦታው ያው የገዳሙ ግቢ ነው፤ ሽማግሌ ፊት የዋሸሁትን ሽማግሌ ፊት መንቀል አለብኝ። ለምን እንደጠራኋቸው አልነገርሁም። ገዳሙ የመሬቱን ነገር የማነሣበት መስሎት ውሉን ከሳጥን አውጥቶ፣ "ይምጣ፣ አሻራውን አሳየዋለሁ" እያለ ይፎክራል አሉ። ይፎክር። የመሬቱን ነገር አላነሣም። ባነሣ እነዚያ ሰዎች "አይ ካሴ፣ እሱም በድሎህ ነበር" ብለው ጥፋቴን ከጥፋቱ ጋር ያቻችሉታል። እንዲቻቻል አልፈልግም። እሱ የበደለኝ እኔን ነው፤ እኔ የበደልሁት እሱን አይደለም።

ገዳሙ ሆይ፣ ካንተ ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርም አልልህም። ልጅህ ግን ሌባ አይደለችም። ሌባው እኔ ነኝ።

ውባለም፣ ልጄ፣ አንቺንም ይቅር በይኝ አልልሽም። ብልሽ ምን እንደምትመልሽ አውቃለሁ። ዓይንሽን ሰብረሽ "እሺ አያ ካሴ" ትይኛለሽ። ሽበቴን አይተሽ እምቢ ማለት ነውር ይሆንብሻል። ያን ጊዜ የበላሁሽ በዚሁ እሺታሽ ነው፤ ዳግመኛ በሱ አልበላሽም። እሑድ ተናግሬ ስጨርስ ምንም አትበይኝ። ውሃም አታፍስሺልኝ። ተነሥቼ እሄዳለሁ።